የሚመኝ ንጉሥ
ስለ ሰማንያኛው መዝሙር የቀረበ ሐተታ

ዳዊት የሚደግም ሰው ሰማንያኛውን መዝሙር፣ በዕብራይስጡ ቍጥር 81ኛውን፣ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በመግቢያው የደስታ ድምፅ እንደ ተያዘ ነው። መዝሙሩ በእልልታ ይከፈታል፤ ከበሮውንና በገናውን ይጠራል፤ በመባቻና በጨረቃ ሙላት ቀንደ መለከት እንዲነፋ ያዝዛል። ስለዚህ አንባቢው የበዓል መዝሙር ነው ብሎ ይቀበለውና ልቡን አሳርፎ ይቀጥላል። ከመካከሉ ሲደርስ ግን የዘማሪዎቹ ድምፅ ይቋረጣል፤ ሌላ ተናጋሪም ይገባል፤ እርሱም የበዓሉ ጌታ እግዚአብሔር ራሱ ነው። ለአሳፍ የተሰጠው ይህ መዝሙር ከዚያ በኋላ ከበሮውንም በገናውንም አያነሣም፤ ነገሩ ሁሉ በዓልን ስለ ማክበር መሆኑ ቀርቶ ስለ መስማት ይሆናል።

ይህን ሁለተኛ ክፍል ብዙ አንባብያን እንደ ተግሣጽ ብቻ ያነቡታል። ሕዝቡ አልሰማም፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ተወው፤ ነገሩ በዚህ አለቀ ይላሉ። ተግሣጽ በውስጡ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመዝሙሩ ማሠሪያ ያለው ከተግሣጹ በኋላ በሚመጣው አንድ የምኞት ቃል ላይ ነው። ሰማይንና ምድርን በትእዛዝ ያቆመው ንጉሥ በዚህ ስፍራ ማዘዙን ትቶ የሕዝቡን መስማት ይመኛል፤ እንደ ናፈቀ ሰው ይናገራል።

ነገሩ የሰዋስው ክርክር ብቻ እንዳይመስል የሚያስከትለውን ማየት ይገባል። ተግሣጹን ብቻ ሰምቶ የሚወጣ ሰው አምላኩን እንደ ተቈጣ ዳኛ ያውቀዋል፤ ከተቈጣ ዳኛ ፊት ደግሞ የሰው ልማዱ መሸሽ ወይም ማመኻኘት ነው። ምኞቱን የሰማ ሰው ግን የሚጠብቀው አባት እንዳለው ስለሚያውቅ ጥፋቱ ይከብደዋል እንጂ አይቀልለትም፤ ይሁን እንጂ ወዴት እንደሚመለስ ያውቃል። ስለዚህ አንዲት አጭር ቃል በምን ድምፅ እንደምትነበብ መመርመር ለሰባኪውም ለሰሚውም ትርፍ ሥራ አይደለም።

በቅኔ ቤት ተማሪው አንድ ንባብ ሲቀርብለት አስቀድሞ የሚመረምረው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተነገረና አንቀጹ በምን መልክ እንደ ቆመ ነው፤ ኃላፊ ነው ወይስ ትንቢት፣ ዘንድ ነው ወይስ ትእዛዝ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ የኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ቢታይ የእግዚአብሔር ቃል በትእዛዝ አንቀጽ ሲመላለስ ይገኛል። ብርሃን እንዲሆን ይታዘዛል፤ ይሆናልም። ውኃው እንዲከማች፣ ምድር እንድታበቅል ይነገራቸዋል፤ በቃሉና በፍጻሜው መካከል የሚቆም አንዳች እንቢታ የለም። በመዝሙሩ 14ኛ ቍጥር ግን ሌላ መልክ ይመጣል። በዕብራይስጡ በዚያ ያለችው «ሉ» የምትባል ቃል ናት፤ ዐማርኛ «ምነው» ብሎ የሚናገረውን ናፍቆት ትናገራለች። ትእዛዝ ፍጻሜውን በእጁ ይዞ ይናገራል፤ ይህች ቃል ግን ፍጻሜውን በሌላ እጅ ትታ ትናገራለች።

የቃሏን ጠባይ ለማወቅ በሌላ ስፍራ ማን እንደ ተናገራት ማየት ይበቃል። አብርሃም ይስሐቅ እንደሚወለድለት በተነገረው ጊዜ ስለ እስማኤል ሕይወት የለመነው በእርስዋ ነው (ዘፍ. 17፥18)። እስራኤልም ሰላዮቹ ከከነዓን ተመልሰው ካስፈሩአቸው በኋላ በግብፅ ወይም በምድረ በዳ ሞተው ቢሆን እንደሚሻላቸው ያጕረመረሙት በእርስዋ ነው (ዘኍ. 14፥2)። እንግዲህ ቃሏ የአባት ልመናም የተስፋ ቈራጭ ሕዝብ ምሬትም ሆናለች። ሕዝቡ ሞቱን የተመኘባትን ቃል እግዚአብሔር አንሥቶ የሕዝቡን ሕይወት ተመኘባት። ነቢዩ ኢሳይያስም በ48ኛው ምዕራፍ 18ኛ ቍጥር ያችኑ ቃል በእግዚአብሔር አፍ ያኖራታል፤ በዚያም ትእዛዙን አድምጠው ቢሆን ኖሮ ሰላማቸው ወንዝን፣ ጽድቃቸውም የባሕር ሞገድን ይመስል እንደ ነበረ በኀዘን ይነገራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመረመረው ምኞቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ነው። መስማትን የሚያመለክተው የዕብራይስጥ ግሥ «ሸማዕ» በመዝሙሩ ውስጥ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። በመጀመሪያ የሚሰማው ዘማሪው ነው፤ የማያውቀውን አንደበት እንደ ሰማ ይናገራል (ቍ. 6)። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ እግዚአብሔር ሕዝቡን እንዲሰማው ይጠራዋል (ቍ. 9)። አራተኛ ጊዜ ሕዝቡ እንዳልሰማ ይነገራል (ቍ. 12)። አምስተኛው የምኞቱ ነው (ቍ. 14)። ግሡ ከጥሪ ወደ እንቢታ፣ ከእንቢታም ወደ ናፍቆት ይሄዳል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ እንቢታውንና ፍርዱን ጽፎ መዝሙሩን በዘጋው ነበር፤ ይህ ደራሲ ግን ከፍርዱ በኋላ አምስተኛውን ጨመረ፤ የመዝሙሩ ክብርም በዚህ ነው።

የዐማርኛ አንባቢ ይህን ግሥ ለማስተዋል ከሩቅ መምጣት አያስፈልገውም። ግዕዙ «ሰምዐ» ከዕብራይስጡ ግሥ ጋራ የአንድ ሥር ቅርንጫፍ ነው፤ የዐማርኛውም «ሰማ» ከዚያው የወጣ ነው። እናት ልጄ አይሰማኝም ስትል ጆሮው ደነቈረ ማለቷ አይደለም፤ አይታዘዘኝም ማለቷ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ወልደ ማይሞንም ግራ ለተጋቡት መሪ እንዲሆን በጻፈው መጽሐፍ፣ በመጀመሪያው ክፍል በ45ኛው ምዕራፍ፣ ይህ ግሥ በጆሮ መስማትን፣ ተቀብሎ መታዘዝንና ማወቅን እንደሚያመለክት አስረድቷል። ከግዕዙ ሥር ደግሞ «ስምዕ»ና «ሰማዕት» ይወጣሉ፤ የሰማ ሰው የሰማውን ይመሰክራልና። ስለዚህ በመዝሙሩ የሚፈለገው ድምፅን በጆሮ መቀበል ብቻ አይደለም፤ በሰሙት መኖር ነው። አይሁድ በየማታውና በየጧቱ የሚደግሙት የእምነታቸው ቃልም (ዘዳ. 6፥4) የሚጀምረው በዚሁ ግሥ ነው። ሰማንያኛው መዝሙር ራሱ በቤተ መቅደስ ሌዋውያን በየሐሙሱ የሚዘምሩት እንደ ነበረ ሚሽና፣ ታሚድ በተባለው ክፍሉ፣ ይመሰክራል። እንግዲህ ይህ ያልተፈጸመ ምኞት በየሳምንቱ በመሥዋዕቱ ፊት ይሰማ ነበር ማለት ነው።

በመዝሙሩ የተነገረው ቅጣትም ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። በ13ኛው ቍጥር እሳት አይወርድም፤ ምድርም አትከፈትም፤ ጠላትም አይላክም። እግዚአብሔር ሕዝቡን ለልባቸው እልከኝነት ይለቅቃቸዋል፤ እነርሱም በገዛ ምክራቸው ይሄዳሉ። መስማት ለማይወድ ሰው ከዚህ የሚከብድ ፍርድ የለም፤ የፈለገውን አግኝቷልና። ነገር ግን ፍርዱ ከተነገረ በኋላ አንድ ቍጥር እንኳ ሳያልፍ ምኞቱ ይከተላል። እጁ ለቀቃቸው፤ ልቡ ግን አልለቀቃቸውም።

ፍጻሜውም ከዚህ ጋራ ይስማማል። የመጨረሻው ቍጥር ስለ ምርጥ ስንዴና ከዐለት ስለሚወጣ ማር ይናገራል። በዕብራይስጡ ንባብ ይህ ቍጥር ስለ ሕዝቡ በሩቅ ወንድ ይጀምርና በቅርብ ወንድ ይፈጸማል፤ «እርሱ» የተባለው ሕዝብ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አንተ» ይባላል። አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን የገጽ መለዋወጥ እንደ ስሕተት ቈጥረው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። እንደ ተጻፈ ቢተዉት ግን ትርጓሜው ያማረ ነው፤ የራቀው ሕዝብ በማሩ ጊዜ ቀርቧልና። ከዚያ ወዲያ መዝሙሩ ዝም ይላል። ሕዝቡ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም፤ መልሱ ለሚሰማው ተትቷል።

ይህ ናፍቆት በመዝሙሩ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ ከእርሱ ጋራ መነበብ የሚገባው ሌላ ቃል በኦሪት ዘዳግም በ5ኛው ምዕራፍ 29ኛ ቍጥር ይገኛል። ሕዝቡ በኮሬብ እሳቱንና ድምፁን በፈሩ ጊዜ ሙሴ ቀርቦ እንዲሰማ፣ እነርሱም ከእርሱ ሰምተው እንዲያደርጉ ቃል ገቡ። እግዚአብሔርም ቃላቸውን ሰማ፤ መልካም እንደ ተናገሩም መሰከረላቸው። ወዲያው ግን እንደዚህ ያለ ልብ ዘመናቸውን ሁሉ እንዲኖራቸው ተመኘ። ምኞቱ የተነገረበት የዕብራይስጥ ፈሊጥ «ሚ ይቴን» ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ማን ይሰጣል» ማለት ነው። ሰባው ሊቃናትም ኦሪቱን ወደ ጽርዕ ሲመልሱ ይህን የመስጠት ቃል አልተዉትም። ዐማርኛ «ማን በሰጠኝ» ሲል የሚናገረው ይኸንኑ ነው።

በዚህ ስፍራ ጊዜውን ማስተዋል ይገባል። ምኞቱ የተነገረው ጥጃው በተሠራበት ቀን ወይም በክርክሩ ውኃ አጠገብ አይደለም። የተነገረው ሕዝቡ እሺ ባለበት፣ መልካምም በተናገረበት ሰዓት ነው። ሰው ቃል በሚገባበት ጊዜ ሰሚው ደስ ብሎት ይሰናበታል፤ እግዚአብሔር ግን በዚያው ሰዓት ከቃሉ በስተኋላ ያለውን ልብ ተመለከተ፤ ዛሬ የተናገረው አንደበት ነገም እንዲገኝ ፈለገ። የናፍቆቱ ጥልቀት ከዚህ ይታወቃል፤ በጠላትነት ዘመን ብቻ የሚነሣ ሳይሆን በስምምነት መካከል እንኳ የማያርፍ ነው።

«ማን ይሰጣል» የሚለውን ፈሊጥ በሌላ ስፍራ የሚናገሩት እነማን ናቸው? እስራኤል በምድረ በዳ ተርበው የግብፅን የሥጋ ምንቸት ሲያስቡ ተናገሩት (ዘፀ. 16፥3)። ኢዮብ እግዚአብሔርን ወዴት እንደሚያገኘው ባጣ ጊዜ ተናገረው (ኢዮ. 23፥3)። ዳዊት በአቤሴሎም ፈንታ ሞቶ ቢሆን ብሎ በበሩ ሰገነት ሲያለቅስ ተናገረው (2 ሳሙ. 18፥33)። ኤርምያስ ስለ ወገኖቹ ሙታን የሚያለቅስበት እንባ ባነሰው ጊዜ ተናገረው (ኤር. 9፥1)። እነዚህ ሁሉ የፈለጉት ነገር ከእጃቸው ውጭ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው፤ ፈሊጡ የራብተኛው፣ የፈላጊውና የኀዘንተኛው ነው። ኦሪት ይህን ቃል ወስዶ ሁሉን በሚሰጠው አምላክ አፍ አኖረው። በቅኔ ሥርዐት ቢነገር ሰሙ ችግረኛ፣ ወርቁ ንጉሥ ነው ይባላል። ሰሙ ሲቀልጥ የሚገኘው ምሥጢርም ይህ ነው፤ ንጉሡ በግዛቱ ሁሉ የጐደለው የለም፤ ነገር ግን ለሰው ፈቃዱን በሰጠው ጊዜ በግድ የማይወስደውን አንድ ነገር በሰው ዘንድ አኑሯል፤ እርሱም ልብ ነው።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሐያሲም አይቶት እንዳላየ ሊያልፈው አይገባውም። በኦሪት ዘዳግም በ29ኛው ምዕራፍ 4ኛ ቍጥር ሙሴ እግዚአብሔር እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስተውል ልብ፣ የሚያይ ዐይን፣ የሚሰማ ጆሮ እንዳልሰጣቸው ይናገራል። ግሡ ያው መስጠት ነው፤ ተሳቢውም ያው ልብ ነው። በ5ኛው ምዕራፍ ማን ይሰጣል የሚል፣ በ29ኛው ምዕራፍ እንዳልሰጠ የሚነገርለት ራሱ ከሆነ፣ ናፍቆቱ ምን ፍሬ አለው? መስጠት እየቻለ ለምን ይመኛል?

የታልሙድ ሊቃውንት ዐቮዳ ዛራ በተባለው ክፍል እነዚህን ሁለት ቃላት አጋጥመው አንብበዋቸዋል። እንደ እነርሱ ሐተታ ሙሴ ሕዝቡን ምስጋና የማያውቁ ብሎ ይገሥጻቸዋል፤ እግዚአብሔር ማን ይሰጣል ባለ ጊዜ እነርሱ ሰጪው አንተ ነህና ስጠን ብለው መለመን ይገባቸው ነበርና። ሙሴም ራሱ ይህን ያመለከታቸው ከ40 ዓመት በኋላ ነው ይላሉ፤ ከዚህም ተነሥተው ሰው የመምህሩን ልብ እስከ 40 ዓመት ድረስ አያውቀውም ብለው ይደመድማሉ። ከመምህር እግር ሥር ብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው የዚህን ቃል ጣዕም ያውቀዋል። መምህሩ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ተማሪው በዚያን ቀን ዝም ይላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን መምህሩ ያን ጊዜ ጥያቄ ይጠብቅ እንደ ነበረ ይገባዋል።

ይህ ትርጓሜ ነገሩን በእጅጉ ያበራዋል፤ ምኞቱን ልመና የሚጠራ ግብዣ ያደርገዋልና። ከእርሱ ጋራም የሕዝቅኤል 36ኛ ምዕራፍ 26ኛ ቍጥር ይስማማል፤ በዚያ እግዚአብሔር አዲስ ልብ ራሱ እንደሚሰጥ ተስፋ ይሰጣል። ስለዚህ ያ አንድ ግሥ በጥያቄ ተጀምሮ፣ በአለመሰጠት አልፎ፣ በተስፋ ይደርሳል። ሆኖም ተቃውሞው ጨርሶ ተፈታ ማለት አይቻልም። በኦሪት ዘዳግም 30ኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር ልብን እንደሚገርዝ በ6ኛው ቍጥር ይነገራል፤ ሕይወትንና ሞትን በፊቱ ያየ ሰው ሕይወትን እንዲመርጥ በ19ኛው ቍጥር ይታዘዛል። መጽሐፉ አንዱን በሌላው ሳይሽር ሁለቱን ጐን ለጐን አኑሯቸዋል። ይህን እንደ ድካም ከመቍጠር ይልቅ እንደ ታማኝነት መቍጠር ይሻላል፤ በአንድ በኩል ብቻ ቢቆም ወይም ናፍቆቱ ሐሰት፣ ወይም ተስፋው ባዶ በሆነ ነበርና።

ነቢያት ይህንኑ ነገር ከምኞት ቃል ወደ ሥዕል አሸጋግረውታል። ኤርምያስ ስለ ነቢያት መላክ ሲናገር ደጋግሞ የሚጠቀመው ማልዶ መነሣትን የሚያመለክት ግሥ ነው (7፥25፤ 25፥4፤ 35፥15)። ይህ ግሥ አብርሃም ይስሐቅን ይዞ በማለዳ በተነሣበት ስፍራ የተጻፈ ነው (ዘፍ. 22፥3)። የሥራ ሰው ፀሐይ ሳይቀድመው ወደ እርሻው እንደሚወጣ፣ እግዚአብሔርም ሕዝቡን ለመጥራት እንደ ማለደ ተነገረ። የእስራኤል ጠባቂ እንደማያንቀላፋ መዝሙረኛው ያስተምራል፤ የማያንቀላፋውን ማልዶ ተነሣ ማለት ለትጋቱ የተሰጠ የሰው ሥዕል ነው።

ኢሳይያስ በ65ኛው ምዕራፍ ከዚህ ይልቅ ደፍሮ ይናገራል። እግዚአብሔር ቀኑን ሁሉ እጆቹን ወደ ዐመፀኛ ሕዝብ እንደ ዘረጋ ይነግረናል። እጅን መዘርጋት የጸሎተኛ ሥርዐት ነው፤ ሰሎሞን በመሠዊያው ፊት እንዲሁ ቆሞ ጸልዮአል (1 ነገ. 8፥22)። በዚያው በኢሳይያስ መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ 15ኛ ቍጥር ሕዝቡ እጁን ሲዘረጋ እግዚአብሔር ዐይኑን እንደሚሰውር ተነግሯል፤ የሕዝቡ እጅ ደም ሞልቶበታልና። በመጽሐፉ መጨረሻ ግን እጁን ዘርግቶ የሚቆመው እግዚአብሔር ነው፤ ፊቱን የሚመልሰው ሕዝቡ ነው። በዚያው ስፍራ «ሂኔኒ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ ትርጓሜው «እነሆኝ» ማለት ነው። ይህ የተጠራ አገልጋይ መልስ ነው፤ አብርሃምና ሳሙኤል፣ ኢሳይያስም ራሱ በጥሪያቸው ጊዜ የመለሱት ነው። በ65ኛው ምዕራፍ ግን ጌታው ማንም ሳይጠራው የአገልጋዩን መልስ ይመልሳል።

ሆሴዕ ደግሞ በ11ኛው ምዕራፍ ኤፍሬምን መራመድ ያስተማረ አባት አድርጎ ያሳየዋል። ሕፃኑ በተጠራ ቍጥር ይርቃል። አባቱም ሊተወው ሲያስብ አዳማንና ሲባዮን ያነሣል፤ እነዚህ ከሰዶምና ከገሞራ ጋራ የጠፉ ከተሞች ናቸው። በኦሪት ዘፍጥረት የእነዚያ ከተሞች ጥፋት የተነገረው መገልበጥን በሚያመለክት ግሥ ነው (19፥25)። ሆሴዕም ያንኑ ግሥ ያመጣዋል፤ ነገር ግን የተገለበጠው ከተማው አይደለም፤ የእግዚአብሔር ልብ በውስጡ ተገለበጠ። በኤፍሬም ላይ ሊወርድ የተገባው ወደ ተናጋሪው ልብ ተመለሰ። በአንድ ግሥ ይህን ያህል ምሥጢር ማኖር የታላቅ ባለቅኔ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ናፍቆት የሚፈልገው ምን እንዳልሆነ ደግሞ የሳኦል ታሪክ ያስረዳል (1 ሳሙ. 15)። ምዕራፉ ሳኦል የእግዚአብሔርን ቃል ድምፅ እንዲሰማ በመታዘዝ ይጀምራል። ሳኦል ከአማሌቅ ምርኮ ምርጡን አስቀርቶ ይመለሳል፤ ትእዛዙንም እንደ ፈጸመ ይናገራል። ሳሙኤል ግን የሚሰማው የበጎችና የላሞች ድምፅ ነው። ንጉሡ ይህ ለመሥዋዕት የተጠበቀ ነው ሲል ነቢዩ ከመሥዋዕት ይልቅ መታዘዝ እንደሚበልጥ ያስተምረዋል። በመጨረሻም ሳኦል ሕዝቡን ፈርቶ የእነርሱን ድምፅ እንደ ሰማ ይናዘዛል። ድምፅና መስማት ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር አስረውታል፤ ሳኦል መስማት ያልቻለ ሰው አልነበረም፤ የሚሰማውን ድምፅ የመረጠ ሰው ነበረ እንጂ።

የሳኦል ተቃራኒ ሬካባውያን ናቸው። አባታቸው ኢዮናዳብ ወይን እንዳይጠጡ፣ ቤት እንዳይሠሩ፣ በድንኳን እንዲኖሩ አዘዛቸው። እርሱ በንጉሥ ኢዩ ዘመን የነበረ ሰው ነው፤ ኤርምያስም በኢዮአቄም ዘመን በቤተ እግዚአብሔር ወይን ባቀረበላቸው ጊዜ ከ200 ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ እነርሱ ግን አልጠጡም። በዕብራይስጡ ተራ በ35ኛው ምዕራፍ የሚገኘው ይህ ታሪክ የእግዚአብሔርን ኀዘን ያለ እንባ ያሳያል። የሞተ አባት ቃል ተሰማ፤ ሕያው ሆኖ በየማለዳው የሚጣራው አልተሰማም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። የማይለወጠውን፣ የማይጐድለውን አምላክ ይመኛል ማለት ይገባልን? ሙሴ ወልደ ማይሞን በአምላክ ላይ የሰውን ስሜት መቀጸልን አጥብቆ ይከለክላል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ አምላክ ለሰሚዎቹ ድካም አዝኖ ቃሉን ወደ እነርሱ መጠን ዝቅ እንደሚያደርግ ያስተምራል። በ20ኛው መቶ ዓመት የነበረው አብርሃም ኢያሱ ሄሼል በበኩሉ በ1936 በጀርመንኛ፣ በ1962 ደግሞ አስፍቶ በእንግሊዝኛ ባሳተማቸው የነቢያት ጥናቶች፣ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፣ የነቢያት ትምህርት ልብ እግዚአብሔር በሰው ሥራ የሚነካ መሆኑ ነው ብሎ ተከራክሯል። የመጀመሪያው የአምላክን ክብር ይጠብቃል፤ የመጨረሻው የንባቡን ሙቀት ይጠብቃል። የአፈ ወርቅ መንገድ ግን ለአንባቢ ይበልጥ ይስማማል፤ ቃሉ የወረደ መሆኑን ሲያምን የወረደበትን ምክንያት አይሰርዝምና። ንጉሥ ወደ ድኻ ቤት ጐንበስ ብሎ ቢገባ ቁመቱ አላጠረም፤ ነገር ግን ጐንበስ ማለቱ እውነት ነው፤ የገባውም ስለ ድኻው ነው።

በሌላው ወገን የሚገኝ ስሕተትም አለ፤ እርሱም ናፍቆቱን ብቻ ይዞ ፍርዱን መርሳት ነው። መዝሙሩ ሕዝቡ እንደ ተለቀቀ ሳያፍር ይናገራል፤ የሳኦልም መንግሥት ተወስዷል፤ የኤርምያስም ከተማ ተቃጥላለች። ናፍቆት ፍርድን አይሽርም። ይልቁንም የፍርዱን ክብደት የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ያልተፈለገ ሰው ቢለቀቅ ማንም አያዝንለትምና። ስለዚህ መዝሙሩን የሚያነብ ሰው ድምፁን በ13ኛው ቍጥር ላይ አበርትቶ በዚያው ቢጨርስ፣ ወይም 13ኛውን ዘልሎ ወደ ማሩ ቢሮጥ፣ በሁለቱም መንገድ መዝሙሩን ከፍሎታል።

በመዝሙሩ መካከል እግዚአብሔር ሕዝቡን አፉን አስፍቶ እንዲከፍት፣ እርሱም እንደሚሞላለት ይናገራል (ቍ. 11)። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የጠየቀው ጆሮን ብቻ ነው። የሚሻው ጆሮ ነው፤ የሚሞላው አፍ ነው፤ በመጨረሻም በአፉ የሚያኖረው ስንዴና ማር ነው። እንግዲህ ምኞቱ ለማን ጥቅም እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል፤ ሕዝቡ ቢሰማ የሚጠግበው ሕዝቡ ነው። ቀንደ መለከቱ ተነፍቶ በዓሉ ከተከበረ በኋላ የበዓሉ ጌታ የሚጠብቀው ይህን ብቻ ነው።